የሻርክ አከርካሪ ቅሪት፦ ጥሩ ልየታ በምን ይታወቃል?

የሻርክና የጠፍጣፋው ዘመዱ የሬይ አጽም ከልም አጥንት የተሠራ ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳል። በድንጋይ ውስጥ የሚተርፉት በአብዛኛው ጥርሶቹና በካልሲየም የጠነከሩት የአከርካሪ ክቦች ናቸው።

ክቧ ከፊትም ከኋላም የጎደጎደች ናት፤ ሁለት ሲኒ መቀመጫ ለመቀመጫ ቢገጥሙ ውስጧን ይመስላሉ። በጉድጓዶቿ ላይ እንደ ግንድ ቀለበት የተከባበቡ መስመሮች ይታያሉ። ጀማሪ እዚህ ላይ ረክቶ ስም ይጽፋል። የአጥንታም ዓሣ አከርካሪም ግን በሁለቱ በኩል ጎድጓዳ ነው፤ መስመርም አለው። ፍርዱ የሚሰጠው ከጎኗ ነው። የዓሣው ጎን እንደ መረብ የተሸነቆረ ሲሆን የተሰበሩ እሾሆች ጉቶ ይቀርበታል። በሻርክ ላይ ግን ጉቶ የለም፤ ላይና ታች ጥንድ ጥንድ ሆነው ልም አጥንት የገባባቸው አራት ቀዳዳዎች አሉ። ጎኑን በረጠበ ብሩሽ አርሶ ብርሃን ከዳር ማብራት ነው፦ በቀዳዳዎቹ መካከል ቀጫጭን ግድግዳዎች ተደርድረው ከታዩ የነጭ ሻርክና የማኮ ወገን ነው፤ ልሙጥ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የነብር ሻርክ ወገን ነው። የሬይ ክብ ባመዛኙ አጭርና ልሙጥ ነው፤ ትልልቅ ቀዳዳም አይታይበትም። የአንገቱ ክቦች ደግሞ ተጣብቀው አንድ ቱቦ ስለሚሆኑ ለብቻቸው አይገኙም።

ጥሩ ልየታ መቆሚያውን ያውቃል። ከአንዲት ክብ ላይ የዝርያ ስም የተጻፈበት መለያ ያጠራጥራል፤ ወገኑን ብቻ ጽፎ የተገኘበትን የድንጋይ ንጣፍ የሚያስቀምጠው ይበልጣል። ከፊት ብቻ የተነሣ ፎቶም ብዙ አይረዳም።

የተገኘበት ድንጋይም ለልየታው ይረዳል። የአማኑኤል፣ የብቸናና የሞጣ ከተሞች ያሉበት ደጋ ባዛልት ነው፤ ባዛልት ደግሞ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ስለሆነ ሻርክ አይፈለግበትም። ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወረድ ግን የሥነ ምድር ተመራማሪው ዊልያም ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1870 በትግራዩ አንጣሎ የሰየመው የኖራ ድንጋይ ይገኛል፤ የጁራሲክ ባሕር ዝቃጭ ነው። እንዲህ ባለ የባሕር ድንጋይ ውስጥ ክሪኖይድ የተባለው ግንድ ያለው የባሕር እንስሳ የግንዱ ቁራጭ ዓይን ያታልላል፦ ክብ ወይም ኮከብ ነው፣ መሐሉ ቀዳዳ፣ ፊቱ ግን ጠፍጣፋ። ሌላም ጥርጣሬ አለ። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ተስፋፍተው የነበሩት ሂቦዶንት ሻርኮች ክባቸው በካልሲየም አይጠነክርም ነበር። ስለዚህ ከሸለቆው «የሂቦዶንት አከርካሪ» ተብሎ የመጣ ድንጋይ መጀመሪያ የዓሣ ወይም የክሪኖይድ እንደሆነ ይመረመራል፤ ሂቦዶንት የሚፈለገው በጥርሱና በክንፉ እሾህ ነው።