ጥሩ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ዴስክ ሲታይ

በወረታና በፎገራ ሜዳ ቀበሌዎች ልጆች እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይማራሉ። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ግን ባዮሎጂውም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ይሆናል። መነሻው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የባከነ ደቂቃ ሌሎቹንም ትምህርቶች ይጎዳል። ክፍሉን ሊመለከት የሚገባ ርዕሰ መምህር ወይም የጉድኝት ሱፐርቫይዘር ታዲያ ምን ይይ?

መጀመሪያ መቀመጫውን ይምረጥ። ከሰሌዳው አጠገብ የሚታዩት እጅ የሚያወጡት ልጆች ብቻ ናቸው። ከኋላ ጥግ ሲኮን ግን መጽሐፍ የሌለው፣ በዴስኩ ጫፍ ተጣቦ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚጽፈው፣ የመምህሩ ዓይን የማይደርስበት ረድፍ ሁሉ ይለያል።

ጸጥታ አያታልለው። በቋንቋ ክፍል ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አፉን ያልከፈተ ተማሪ ሥርዓት አክባሪ ሊሆን ይችላል፤ ቋንቋውን ግን አልተለማመደም። «ክሊር?» ሲባል በአንድ ድምፅ የሚመለሰው «የስ ቲቸር!»ም ማስረጃ አይሆንም። ጎበዝ መምህር ከኋላ ረድፍ አንዱን ጠርቶ ትእዛዙን ያስደግመዋል፦ ከማን ጋር ነው የምትሠራው? ስንት ዓረፍተ ነገር?

ከዚያ ሰከንድ ይቁጠር። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው በሳይንስ ክፍሎች የተቀዱ ድምፆችን መርምራ፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚታገሡት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል እንደሆነ አሳየች። ትዕግሥቱ ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም መልሱ ይረዝማል፣ ዝምተኞቹም ይናገራሉ። ሐሳቡን በአማርኛ ይዞ የእንግሊዝኛ ቃል ለሚፈልግ ልጅ ይህ ጊዜ ይበልጥ ያስፈልገዋል። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት ከተተቸባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ስክሪኑ ይጠይቃል፣ ተማሪውን ግን አይጠብቅም።

እርማቱም ይደመጥ። አንዲት ልጅ «ዬስተርደይ ማይ ፋዘር ጎ ቱ ወረታ» ብትል፣ አንዱ መምህር «ዌንት» ብሎ ያልፋል። ሌላው «ዬስተርደይ?» ብሎ ቃሉን ጠበቅ አድርጎ ይጠብቃታል፣ እሷም ራሷ ታስተካክላለች። ሮይ ሊስተርና ሌይላ ራንታ በካናዳ የፈረንሳይኛ ክፍሎችን ሲያጠኑ፣ ከመምህራኑ እርማት ከግማሽ በላዩ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር፤ ከተማሪው ምላሽ በማስገኘት ግን ከሁሉም ያነሰው እሱው ሆኖ ተገኘ።

የቡድን ውይይት ሲባል አንድ ጎበዝ ጽፎ ሌሎቹ በአማርኛ ጨዋታ ከያዙ የተለማመደው አንዱ ብቻ ነው። በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ሁለት ልጆች ሩዝ ከመደብ እስከ አውድማ እንዴት እንደሚደርስ ተራ በተራ ሲነጋገሩ ግን የክፍሉ ግማሽ በአንድ ጊዜ ይናገራል። የፎገራ ልጅ ደግሞ ስለ ሩዝ የሚለው አያጣም። ሥራውን ለማስረዳት ጣል የተደረገች አማርኛ እንደ ጥፋት አትቆጠር፤ ወደ እንግሊዝኛው ቶሎ ይመለሱ እንደሆነ ይታይ።

የሥርዓት አያያዝ የሚፈተነው የአጨዳ ጊዜ ሲደርስ ነው፤ አንዳንዱ ልጅ ማሳ ቆይቶ አርፍዶ ይገባል። ጄኮብ ኩኒን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው የተሳካላቸው መምህራን ከሌሎቹ የሚለዩት በአቆጣጣቸው አይደለም፤ ክፍሉን ሁሉ በማየታቸውና ትምህርቱ ሳይቋረጥ እንዲፈስ በማድረጋቸው እንጂ። አርፋጁ በምልክት ተቀምጦ ጓደኛው ገጹን ሲያሳየው፣ ሌላው ሥራውን ካላቋረጠ፣ መምህሩ ሙያውን ያውቃል።

ታዛቢው በመጨረሻ «ተሳትፎ ጥሩ ነው» ብሎ አይጻፍ። «4:10፤ ሁለተኛ ረድፍ ያለችው ልጅ ሳትጠየቅ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨመረች» ይበል። ይህን በዕረፍት ሰዓት፣ ተማሪ በሌለበት ለመምህሩ አሳይቶ የሚቀጥለውን ምልከታ ቀን አብረው ይቁረጡ፤ ያን ቀን የትኛው ረድፍ እንደሚታይም መምህሩ ራሱ ይምረጥ።