ሳሕኑን ማን ያጥባል?

በኒውዚላንድ ዋና ከተማ በዌሊንግተን፣ በአንድ አሮጌ ቤት ውስጥ አራት ደም መጣጮች በጋራ ይኖራሉ። ከመካከላቸው ዲከን የተባለው የእጥበት ተራው ደርሶ ሳለ አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሳሕን አላጠበም። ስለዚህ የቤቱ ነዋሪዎች ስብሰባ ይጠራል። የሥራ ድልድሉ ይጠቀሳል፤ ክርክሩ ሲጋጋል ተከራካሪዎቹ ጥርሳቸውን አግጠው ወደ አየር ይንሳፈፋሉ።

«በጥላ ውስጥ የምንሠራው» የተባለውን ይህን ፊልም በ2014 እ.ኤ.አ. ጽፈው ያዘጋጁት ጀሜይን ክሌመንትና ታይካ ዋይቲቲ ናቸው፤ ቭላዲስላቭንና ቪያጎን ሆነው የሚተውኑትም እነርሱው ናቸው። ቅርጹ የዘጋቢ ፊልምን ወግ አስመስሎ የሚያፌዝ ነው። ቀራጮቹ መስቀል አንጠልጥለው፣ ከባለቤቶቹም የደኅንነት ቃል ተቀብለው ወደ ቤቱ እንደ ገቡ ገና በመነሻው ይነገረናል። ተዋንያኑ የተጻፈ ቃል ሸምድደው አልቀረቡም፤ በሁኔታው ውስጥ ገብተው በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። ወደ 125 ሰዓት የሚጠጋው ቀረጻ ተጣርቶ አንድ ሰዓት ተኩል የማይሞላ ፊልም ወጣው። በአነጋገራቸው ውስጥ የምንሰማው መንተባተብና መደናቀፍ፣ የትወናው ለዛ ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው።

የደም መጣጭ ፊልም ጥንታዊ ወግ አለው። የ8000 ዓመቱ ፔተር መልኩን የወሰደው ሙርናው በ1922 እ.ኤ.አ. ከሠራው «ኖስፌራቱ» እንደሆነ ያንን ፊልም ያየ ሁሉ ወዲያው ይለየዋል። በዚያ ወግ ደም መጣጩ ባለ ግንብ መስፍን ነበር። ክሌመንትና ዋይቲቲ ግንቡን ነጥቀው ከነዳንቴል ሸሚዙ የከተማ ጎረቤት አደረጉት። ካልተጋበዘ በቀር ደጃፍ መርገጥ ስለማይችል፣ የመጠጥ ቤት ዘበኛ «ግባ» እንዲለው ቆሞ ይለማመጣል። የመሳፍንት ኩራት በዘበኛ ፊት ሲሟሽሽ ከማየት የበለጠ የሚያስቅ ትዕይንት በፊልሙ ውስጥ አላገኘሁም።

ይሁንና ፊልሙን ደግሜ ሳየው ዓይኔ ያረፈው በአራቱ ላይ አልነበረም። ስለ ሳሕን በሚደረገው ስብሰባ ላይ ያልተጠራች አንዲት ሴት አለች። ጃኪ ትባላለች፤ ባል ያላት፣ ልጆች የምታሳድግ፣ የዲከን አገልጋይ ናት። ቪያጎ ሶፋው እንዳይበላሽ ከገዳዩ ጥርስ በፊት ጋዜጣና ፎጣ ያነጥፋል፤ ያም ሆኖ ዋናውን የደም ሥር ይመታና ደሙ ክፍሉን ያዳርሰዋል። በዚህ እንስቃለን። በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የፈሰሰውን ደም ተንበርክካ የምትፈገፍገው ግን ጃኪ ናት። ሸሚዛቸውን ትተኩሳለች፤ የሚበሉትንም ሰው እያግባባች ታመጣለች። ደመወዟ አንድ ቀን ዘላለማዊ ሕይወት እንደሚሰጣት የተገባላት ቃል ብቻ ነው። ወንድ ብትሆን ኖሮ ገና ድሮ ይነክሷት እንደነበር ለካሜራው በምሬት ስትናገር፣ ፊልሙ ለአፍታ ሳቁን ያቆማል። ተዋናይቷ ጃኪ ቫን ቢክ ይህን ያለ እንባና ያለ ጩኸት፣ ሥራ እንደ በዛባት ማንኛዋም እናት ትጫወተዋለች።

በቋንቋችን «ደም መጣጭ» ከአስፈሪ ተረት ይልቅ የበዝባዥ ስም ሆኖ ስለ ኖረ ይሆናል፣ አማርኛ ተናጋሪ ተመልካች ጃኪን ፈጥኖ የሚያያት ይመስለኛል።

ቅሬታዬ በአፈታቱ ላይ ነው። በመጨረሻ ዲከን የነፈጋትን ሌላው ይሰጣታል፤ በአዲሱ ደም መጣጭ በኒክ ተነክሳ ከጌቶቹ ጎራ ትገባለች። ወዲያውም ባሏ የእርሷ አገልጋይ ይሆናል። ቀልዱ ስል ነው፤ እውነትም አለበት፤ ሎሌ ጌታ ሲሆን መጀመሪያ የሚፈልገው ሎሌ ነውና። ነገር ግን በጥቂት ሴኮንድ ተነግሮ ያልፋል፤ ስለ ሳሕኑ ክርክር የተሰጠውን ያህል ጊዜ እንኳ አላገኘም። ካሜራው ከእርሷ ጋር ወደ ቤቷ ገብቶ ባልየው መጥረጊያ ሲያነሣ ቢያሳየን ኖሮ ፊልሙ ምን ያህል በከበደ ነበር!

አዘጋጆቹም ጉድለቱ ሳይሰማቸው አልቀረም መሰለኝ። ክሌመንት ታሪኩን ወደ ኒውዮርክ፣ ወደ ስታተን ደሴት አዛውሮ ከ2019 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. በታየው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሲያቀርበው፣ ከዋነኞቹ ገጸ ባሕርያት አንዱ ያደረገው ጊዬርሞ የተባለውን ሎሌ ነው። ድራማው ሲከፈት ይህ ሰው ለመነከስ ዐሥር ዓመት ጠብቋል።