ንጉሡን ማን ያወርዳል?

እ.ኤ.አ. በ1994 «ፎሪን አፌርስ» መጽሔት ላይ ሁለት እስያውያን ፖለቲከኞች ተጋጠሙ። ሲንጋፖርን ከ1959 እስከ 1990 በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩት ሊ ኳን ዩ ለፋሪድ ዘካሪያ በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ የምዕራቡ ዓይነት ሥርዓት ለምሥራቅ እስያ ልኳ አይደለም አሉ። እዚያ ግለሰብ የሚታየው በቤተሰቡ ውስጥ ነው የሚል ነው ነገሩ። ርዕሱም «ባህል ዕጣ ፈንታ ነው» ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዴ ጁንግ ርዕሱን ወደ ጥያቄ ቀይረው መለሱላቸው። ኪም በ1980 ሞት የተፈረደባቸው፣ በ1992 ደግሞ በምርጫ የተሸነፉ ሰው ናቸው። ጉዳዩ ለእሳቸው የሴሚናር ወሬ አልነበረም። ዴሞክራሲን የሚያደናቅፉት ሥልጣን የማይለቁ ገዢዎችና ጠበቆቻቸው እንጂ ባህል አይደለም ባይ ናቸው። ምስክራቸው ሜንሺየስ ነው፤ ይህ የኮንፊሽየስ ተከታይ ከጆን ሎክ ወደ 2000 ዓመት ገደማ ቀድሞ ሕዝብ የሚበድል ንጉሥ ንጉሥነቱን ያጣል ብሏል።

ጽሑፉን ወድጄዋለሁ። ግን እዚህ ጋ ኪም የቸኮሉ ይመስለኛል። የሜንሺየስን መጽሐፍ ገልጠን ንጉሡን ማን ያወርዳል ብንል መልሱ ሌላ ነው። ንጉሡ ከባድ ጥፋት ሲያጠፋ የሥጋ ዘመዶቹ የሆኑ ሹማምንት ደጋግመው ይመክሩታል፤ አልሰማ ካለ ያወርዱታል። ዘመድ ያልሆነው ሹም ግን መክሮ ካልተሰማ ትቶ ይሄዳል። ገበሬውስ? የገበሬው ምሬት ሰማይ ከንጉሡ ፊቱን ማዞሩ የሚታወቅበት ምልክት ነው፣ በቃ። ኮድ የምጽፍ ሰው ነኝና በእኛ ቋንቋ ልበለው፦ ሲስተሙ ኤረር ሎግ አለው፣ የአድሚን ፓስወርዱ ግን ያለው በንጉሡ ዘመዶች እጅ ብቻ ነው። እነሱ ዝም ካሉ ሰርቨሩ እስኪወድቅ መጠበቅ ነው።

ይሄ ሊን ትክክል አያደርጋቸውም፤ እንዲያውም የእሳቸው ይብሳል። ቤተሰቡንና ሥርዓቱን አጉልተው፣ ሹም ንጉሡን ፊት ለፊት መገሠጽ አለበት የሚለውን ወደ ጎን ብለውታል። በቻይናም በኮሪያም እኮ ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ የቤተ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር።

(እኛም «ልማታዊ መንግሥት» ሲባል ምሥራቅ እስያን በምሳሌነት እየሰማን አድገናል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀስልን ባለፋብሪካዋ ኮሪያ ነበረች፤ የኪም ኮሪያ አልነበረችም።)

ኪም በ1997 ተመረጡ። በደቡብ ኮሪያ ሥልጣን ከገዢው ፓርቲ ወደ ተቃዋሚ በሰላም ሲተላለፍ ያ የመጀመሪያው ነው። በ2003 ደግሞ አምስት ዓመታቸው ሲሞላ ወረዱ፤ ሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ዘመን አይፈቅድም። ያንን አንቀጽ ሜንሺየስ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም።