የግሸን ተሳላሚና የተመራማሪው መጠይቅ

ግሸን ደብረ ከርቤ በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል፣ ዙሪያዋን በገደል የተከበበች አምባ ናት። ለታሪክ ምሁሩ እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሥታት ልጆች በግዞት ይጠበቁባት የነበረች ቦታ ናት። ለምእመኑ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ቅድስት ስፍራ ናት። ለጤና ባለሙያው ደግሞ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደየአገሩ የሚበተንባት አምባ ናት። እነዚህ እይታዎች በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሲገናኙ እምብዛም አይታይም።

እዚህ ከተለያዩ የጥናት መስኮች የወጡ ሦስት ሥራዎችን እንመለከታለን። ሦስቱም ስለ ግሸን ተብለው የተጻፉ አይደሉም፤ ሆኖም ስለ አካባቢዋ፣ ስለ ዘመኗና ስለ ተሳላሚዋ የሚያስተምሩን ነገር አለ። የምንመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ማስረጃው እስከ የት ድረስ ይናገራል?

የመጀመሪያው ኢየን ዳርቢሻየር፣ ሔንሪ ላምና መሐመድ ዑመር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ነው። ተመራማሪዎቹ ከግሸን በስተደቡብ ምሥራቅ ከሚገኙት ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች ወለል ደለል አውጥተው፣ በውስጡ ተቀብሮ የቆየውን የአበባ ብናኝ መርምረዋል። እንደ ጥናታቸው የዝግባና የጥድ ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ ጠፍቶ በክትክታ ቁጥቋጦና በሣር ተተክቷል። ከ1400 እስከ 1700 ዓመተ ምሕረት (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ የጥድ ደን እንደገና ተስፋፍቷል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ምንጣሮና የአፈር መሸርሸር በርትቷል። ይህ ሥራ «አገሩ ሁሉ ደን ነበር፤ የጠፋው በቅርብ ጊዜ ነው» የሚለውን የተለመደ አነጋገር እንድንመረምር ያስገድደናል። ይሁን እንጂ ብናኙ የሚናገረው ደኑ መቼ እንደሄደና መቼ እንደተመለሰ ነው። የተመለሰው ዝናብ በመጨመሩ ይሁን ወይም አራሹ ሕዝብ በመቀነሱ፣ ብናኝ ብቻውን ሊፈርድ አይችልም።

ሁለተኛው የታሪክ ምሁሯ ማሪ ሎር ደራ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው ጥናት ነው። ከ13ኛው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፍሪካ ቀንድ ጽሑፎች ውስጥ ወረርሽኝ የተጠቀሰባቸውን ቃላትና ስፍራዎች ትፈትሻለች። በደብረ ብርሃን የገባው ወረርሽኝ በዘርዓ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ውስጥ መነሣቱ፣ ግማደ መስቀሉን ወደ ግሸን አስገባ የሚባለው ንጉሥ በመቅሠፍት ዘመን የነገሠ እንደነበረ ያስታውሰናል። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ፈተና ይገጥመዋል፤ ወረርሽኙን ከደኑ መመለስ ጋር አያይዞ «ሕዝቡ አለቀ፣ ደኑ በቀለ» ማለት ያምረዋል። ነገር ግን ሁለት ነገሮች በአንድ ዘመን መገኘታቸው አንዱ ለሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም። በተጨማሪም በግእዝ መጻሕፍት «ብድብድ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው የሚፈጅ በሽታን ያመለክታል እንጂ የርሲኒያ ፔስቲስ የተባለውን ባክቴሪያ አይሰይምም። ያንን ሊያረጋግጥ የሚችለው ከመቃብር አፅም የሚገኝ የዘረ መል ማስረጃ ነው። የደራ ሥራ ብርታቱ ከምርመራው በፊት ቃሉን መጠየቁ ነው። ሐኪምም ከበሽታው ስም በፊት ምልክቱን መጠየቅ ሙያው ነው።

ሦስተኛው ከራሳችን ሙያ የወጣ ነው። ዮናስ ባሕረጥበብ፣ ዳዊት ወንድማገኝና ሳሙኤል ሎ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የጠበል አገልግሎትና የአእምሮ ሕክምና ጎን ለጎን የሚሰጡበትን አሠራር ገልጸዋል። ጽሑፉ ገላጭ ጥናት ስለሆነ ሕሙማኑ በዚህ አሠራር ከሌላው ይልቅ መዳናቸውን አያረጋግጥም፤ ለዚያ ማነጻጸሪያ ቡድን ያስፈልጋል። ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር አሳይቷል፤ ካህኑና ሐኪሙ አንዱን ሕመምተኛ በጋራ ሊረዱት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ እንዲወሰድ በይፋ መናገራቸውም ይህንኑ መንገድ የከፈተ እርምጃ ነበር።

ብዙዎቹ የጤና ጥናቶቻችን ግን ከዚህ ገና አልደረሱም። በመጠይቃቸው ውስጥ ጠበል «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚሞላ አንድ ሣጥን ነው፤ በውጤታቸውም ሕክምና ለመዘግየት ምክንያት ተብሎ ይቆጠራል። በአንድ ጊዜ የሚካሄድ ዳሰሳ ግን ቅደም ተከተሉን ሊለይ አይችልም። ሰውዬው የዘገየው ጠበል ስለሄደ ነው? ወይስ ጤና ጣቢያው ስለራቀው፣ የመድኃኒት መግዣ ስላጣ ወይም ሄዶ መፍትሔ ስላላገኘ ጠበል ሄደ? የደለል ተመራማሪው ብናኙ የማይናገረውን እንዳይናገር መጠንቀቅ ካለበት፣ እኛም ሣጥኑ የማይናገረውን ልናናግረው አይገባም።

ይህ የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር፣ ቋራ ወረዳ፣ በበርመል ጊዮርጊስ ጠበል ኮሌራ ተከስቶ፣ ከዚያ በተመለሱ ሰዎች አማካይነት ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተዛምቷል። ኮሌራ ተሕዋሲው ከገባ በኋላ ምልክቱ ከጥቂት ሰዓታት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። እንግዲህ መስከረም 21 ቀን ግሸን ላይ የተበከለ ውኃ የጠጣ ሰው የሚታመመው በመንገድ ወይም በቤቱ ሊሆን ይችላል። አምባው ላይ ብቻ የተቀመጠ የቅኝት ቡድን አያገኘውም፤ የሚያገኘው በሩቅ ወረዳ ያለ፣ «ሰሞኑን የት ነበርክ?» ብሎ የሚጠይቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ነርስ ነው። ወቅቱም የወባ ስርጭት የሚጨምርበት በመሆኑ ትኩሳት ያለበትን ተመላሽ ይህንኑ መጠየቅ ይገባል።

ተሳላሚው ይህን ጥያቄ በእውነት የሚመልሰው በመልሱ እንደማይወቀስ ሲያምን ነው። ጠበል መሄዱን እንደ ጥፋት የሚመዘግብ ጥናት፣ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የምንፈልገውን መረጃ አስቀድሞ ይዘጋብናል። ስለዚህ በግሸን ጥናት ማድረግ የሚሻ ባለሙያ መጠይቁን ከማዘጋጀቱ በፊት ከደብሩ አገልጋዮች ጋር ቢመክር፣ ከ«ሄደሃል ወይ?» ይልቅ «መጀመሪያ የት ሄድክ? ከዚያስ ለምን ተሻገርክ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከእምነቱም ይልቅ ውኃውን፣ መጸዳጃውንና የመመለሻውን መንገድ ቢመዝን፣ ውጤቱንም ከመጽሔት በፊት ለአምባሰል ሕዝብ ቢያደርስ፣ ለሚቀጥለው መስከረም የሚጠቅም ሥራ ይሠራል።