ንጉሡ የሞቱበት ሙከራ፦ ስለ «አልቲማ ኦንላይን» ቤታ አንዳንድ ነጥቦች

ለመሆኑ የቪዲዮ ጨዋታ የምሁራን መወያያ ርእስ ሊሆን ይገባዋልን? በእንዲህ ያሉ ገጾች ላይ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ ምርጫና ስለ ተቋማት ብዙ ቀለም ፈስሷል፤ ወደፊትም ይፈሳል። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ወርውረው ስለሚገቡበት ዓለም ግን «አሁንስ በቃህ፣ አጥፋው!» ከማለት ያለፈ ነገር ስንናገር አይሰማም። ያ ዓለም ግን ገበያ አለው፣ ሕግ አለው፣ ሌባ አለው፣ ዳኛ አለው። ሕጉን ያወጣው ማን ነው? ከመታወጁ በፊትስ በማን ላይ ተሞከረ? እነዚህ ጥያቄዎች ከላይ ከጠቀስናቸው ርእሶች የራቁ አይደሉም።

ይህ ጽሑፍ የሚተቸው አንድን ጨዋታ፣ ያውም ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የነበረውን የሙከራ ወቅት ነው። ጨዋታው «አልቲማ ኦንላይን» ይባላል። ለሕዝብ የተከፈተው በሴፕቴምበር 1997 ነው (የዓመታቱ አቆጣጠር በሙሉ የአውሮፓውያን ነው)። ጉዳዩ ያረጀ ነው የሚል አይጠፋም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ዛሬ በየዓመቱ የምናየው የ«ቤታ» ሙከራ ጣጣ በጉልህ የታየው እዚያ ስለሆነ ወደ እርሱ መመለሱ ይጠቅማል።

«ቤታ» ማለት አንድ ሶፍትዌር በሠሪዎቹ ቤት ከተፈተሸ በኋላ፣ ከመሸጡ በፊት፣ ለውጭ ሰዎች ተሰጥቶ የሚሞከርበት ዙር ነው። ዝግ ቤታ ሲሆን የሚገባው የተፈቀደለት ብቻ ነው። በምሕንድስና ዘንድ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ድልድይ ሲሠራ ከባድ መኪና ተጭኖበት ምን ያህል እንደሚጎብጥ ይለካል። መኪናው ግን ድልድዩን አይወድም፣ አይጠላም፣ ብረቱን ነቅሎ አይሸጥም። በሰው የሚፈተሽ ዓለም ግን ይህን ሁሉ ያደርጋል። የዚህ ጸሐፊ ክርክርም እዚህ ላይ ነው፦ የአልቲማ ኦንላይን ሠሪዎች ስለ ሰው ያገኙትን መልስ ስለ ማሽን እንደተገኘ መልስ አድርገው መዝግበውታል።

በምግባር የተጀመረ ዓለም

የጨዋታው አባት ሪቻርድ ጋሪየት ይባላል። የጠፈር ተጓዡ የኦወን ጋሪየት ልጅ ነው። የመጀመሪያውን «አልቲማ» ያወጣው በ1981 ሲሆን፣ በኋላ ኦስቲን፣ ቴክሳስ ላይ የሠራው «ኦሪጅን ሲስተምስ» የተባለው ድርጅት በ1992 በኤሌክትሮኒክ አርትስ ተገዛ። የድርጅቱ መፈክር «ዓለማትን እንፈጥራለን» የሚል ነበር። መፈክሩ ባዶ ጉራ አልነበረም። በ1985 የወጣው አራተኛው አልቲማ ተጫዋቹን በመጨረሻ አንድ ክፉ ጭራቅ ገድለህ አሸንፍ አይለውም። ሐቀኝነትን፣ ርኅራኄን፣ ጀግንነትን፣ ፍትሕን፣ መሥዋዕትነትን፣ ክብርን፣ መንፈሳዊነትንና ትሕትናን እንዲያሟላ ይጠይቀዋል። በዚያ ጨዋታ ውስጥ አንዲት ዓይነ ስውር ነጋዴ አለች። ተጫዋቹ ዋጋውን ራሱ ቆጥሮ ይከፍላታል። ቢያጭበረብራት የሚከለክለው የለም፤ ፕሮግራሙ ግን በልቡ ይይዝበታል፣ ከሐቀኝነቱም ላይ ይቀንስበታል። ለዘመኑ ታላቅ ሐሳብ ነበር።

ችግሩ ነጋዴዋ ሰው አለመሆኗ ነው። አንድ ተጫዋች ከአንድ ማሽን ጋር ብቻውን ሲሆን ማሽኑ ዳኛም ምስክርም ይሆናል። በአልቲማ ኦንላይን ግን በአንድ ሰርቨር ላይ ሺዎች በአንድ ጊዜ ገቡ፤ ዓይነ ስውሯም፣ አጭበርባሪውም፣ ምስክሩም ሰው ሆነ። ድርጅቱ ለቤታው ፈቃደኞችን ሲጠራ ለሲዲው መላኪያ 5 ዶላር ጠይቆ ወደ 50,000 ሰው ተመዘገበ። የተጠበቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር። ያ ቁጥር በራሱ አንድ መልስ ነው፦ ሰው ከሰው ጋር የሚኖርበትን ምናባዊ ዓለም ምን ያህል ይናፍቅ እንደነበረ ይነግረናል። ሠሪዎቹ ግን በዋናነት ያነበቡት ሰርቨሩ ይችል ይሆን አይችል ይሆን የሚለውን ነው።

የበጎቹና የተኩላዎቹ ነገር

ከሠሪዎቹ አንዱ ራፍ ኮስተር ዓለሙን በሥነ ምሕዳር ሊያቆም አሰበ። ሣር ይበቅላል፣ በግ ሣሩን ይበላል፣ ተኩላ በጉን ይበላል። በዋሻው አካባቢ የሚበላ የጠፋበት ዘንዶ ደግሞ ወጥቶ መንደሩን ያጠቃል። ያኔ መንደርተኛው ጀግና ይፈልጋል፤ ጀብዱው በጸሐፊ ሳይጻፍ ከርሃብ ይወለዳል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ይህን የመሰለ ውበት ማግኘት ያዳግታል።

ቤታው ሲከፈት ምን ሆነ? ተጫዋቾቹ ገቡና የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ገደሉት። በግ የለም፣ ተኩላ የለም፣ ዘንዶው እስኪራብ የሚጠብቅ የለም። እንስሳቱ ከሚራቡት በላይ በፍጥነት ይታረዱ ነበር። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ፍጥረት ዙሪያውን ምግብ እየፈለገ ሲቃኝ የኮምፒውተሩን ጉልበት ይበላ ነበር። ኤኮኖሚውም በተመሳሳይ መንገድ ታነቀ። በዓለሙ ያለው ጥሬ ሀብት መጠኑ የተወሰነ ነበር፤ አንዱ ዕቃ ሲጠፋ ሀብቱ ተመልሶ ሌላ ፍጥረት ይሆናል ተብሎ ነበር የታሰበው። ተጫዋቾቹ ግን ምንም ነገር መጣል አልወደዱም። ሙያ የሚዳብረው በመሥራት በመሆኑ ልብስ ሰፊው ማንም የማይለብሰውን ሸሚዝ እየሰፋ አከማቸ። ሀብቱ በሳጥን ውስጥ ታሰረ፣ ዓለሙ ደረቀ። በመጨረሻም ሥነ ምሕዳሩ ተነሣ፤ የሀብቱ ዑደትም ተተወ። ፍጥረታቱ ከየትም ሳይሆኑ በሰዓታቸው ብቅ የሚሉ ሆኑ።

ብዙዎች ይህን ሲተርኩ «ሰው ስግብግብ ነው፣ አለቀ» ይሉናል። በ1968 ጋሬት ሃርዲን የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ያለውን ያስታውሷል። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ የጋራ ሀብታቸውን ለዘመናት ያላጠፉ ማኅበረሰቦች እንዳሉ አሳየች፤ በ2009ም የኖቤል ሽልማት አገኘችበት። ለእኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመንዝ ጓሳ ለዘመናት ሣሩ የሚታጨድበትና ከብት የሚገባበት ወቅት በኅብረተሰቡ ሕግና በራሱ አለቆች ይወሰን ነበር። ያ ግጦሽ የኖረው መንዜው ከሌላው ሰው ይልቅ ጻድቅ ስለሆነ አይደለም። የሚዘጋ አለቃ፣ የሚያውቅ ጎረቤት፣ የሚከፈል ቅጣት ስለነበረ ነው። በቤታው ውስጥ ግን በጎች ነበሩ፣ ሣር ነበረ፤ ግጦሹን «ዛሬ ተዘግቷል» ማለት የሚችል የሰው ተቋም አልነበረም። ሠሪዎቹ ተፈጥሮን ሲፈጥሩ ማኅበርን ዘነጉ። ሙከራው ጉድለቱን በግልጽ አሳያቸው፤ እነርሱ ግን ማኅበሩን ከመጨመር ይልቅ ተፈጥሮውን ሰረዙ።

የንጉሡ ሞት

ሁለተኛው ግኝት በሰፊው የሚታወቀው ነው። በኦገስት 1997 ሰርቨሩ በሰው ብዛት ሲፈተሽ ጋሪየት «ሎርድ ብሪቲሽ» በተባለው ንጉሥ አምሳል ለሕዝቡ ታየ። ንጉሡ አይነኬ እንዲሆኑ የሚያደርግ ምልክት ነበራቸው። ይሁን እንጂ ሰርቨሩ ወድቆ ሲነሣ ምልክቱ አብሮ አይመለስም፤ በእጅ እንደገና መደረግ ነበረበት፤ ተረሳ። አንድ ተጫዋች የእሳት ድግምት ወረወረ። ንጉሡም ሞቱ። ሕዝቡ ተደናገጠ፣ ሳቀ፣ ተተራመሰ። ቀጥሎ በአደባባዩ ላይ አጋንንት ተለቀው ምንም ያላደረጉ ተጫዋቾች እንዳለቁ ይተረካል። ገዳዩ ከቤታው ተባረረ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እዚህ ግን የተነቀነቀው አጥር የማን ሥራ ነው? ድርጅቱ የሰጠው ምክንያት፣ የተባረረው ንጉሡን በመግደሉ ሳይሆን ከዚያ በፊት የፕሮግራሙን ስህተቶች ከማሳወቅ ይልቅ ሲጠቀምባቸው ስለነበረ ነው የሚል ነው። ምክንያቱ ውኃ ይቋጥራል እንበል። ሆኖም ጥያቄው ይቀራል። የቤታ ዓላማ ያልታሰበውን ማግኘት ከሆነ፣ በዚያ የሙከራ ወቅት ከተገኙት ያልታሰቡ ነገሮች ሁሉ የሚበልጠውን ያገኘው ይህ ሰው ነው። የሉዓላዊው ደኅንነት በአንድ ሰው ማስታወስ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን በሕዝብ ፊት አረጋገጠ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ቀዳዳው መኖሩን ያወቅነው ጅቡ ስለገባ ነው። ታሪኩ እንደ ቀልድ ሲነገር የኖረው የሞቱት ንጉሥ በመሆናቸው ይመስለኛል። በአጋንንቱ እጅ ያለቁት ተራ ተጫዋቾች ጉዳይ ግን በትረካው ውስጥ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም። በዚህ ጸሐፊ ዓይን ግን የዚያን ዕለት ከባዱ የፍተሻ ውጤት እርሱ ነው፦ ሥልጣን ሲደነግጥ የሚመታው ያገኘውን ነው።

ነገ የሌለው ኅብረተሰብ

አንድ ሦስተኛ ነጥብ አለ፤ ብዙ ጊዜ አይነሣም። የቤታው ነዋሪዎች ያገኙት ሁሉ በሙከራው ማብቂያ እንደሚሰረዝ ያውቁ ነበር። ቤት ቢሠሩ ይፈርሳል፣ ስም ቢያተርፉ ይጠፋል። ሮበርት አክስልሮድ በ1984 ባሳተመው መጽሐፉ ራስ ወዳዶች እንኳ የሚተባበሩት ነገ መልሰው እንደሚገናኙ ሲያውቁ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲያው ነገ በሌለው ኅብረተሰብ ላይ የተደረገ ሙከራ ነገ ስላለው ኅብረተሰብ ምን ሊነግረን ይችላል?

ተቃዋሚ «ከተከፈተ በኋላም ግድያው አላቆመም» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። አዲስ ገቢዎች ከከተማው በር ወጣ ሲሉ ይታረዱ፣ ይዘረፉ ነበር። በ1997 መገባደጃ ላይ በአገልግሎቱ የተማረሩ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርያቸውን ራቁት አድርገው የንጉሡን ቤተ መንግሥት በሰልፍ አጥለቀለቁት። ነገር ግን ነገ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ነገ የሚያስከፍል መሆን አለበት። ገዳዩ ሌላ ስም ይዞ ብቅ ማለት ከቻለ ለእርሱ ነገ የለም፤ ነገ ያለው ለሟቹ ብቻ ነው። ድርጅቱ የክፋትና የደግነት መለኪያ ቁጥር አውጥቶ ሞከረ። ቁጥሩ ግን እንደ ማንኛውም ቁጥር ተጠንቶ ተታለለ። በ2000 ዓለሙ በሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ገጽታ ተጫዋች ተጫዋችን ያለ ፈቃዱ ሊገድል የማይችልበት ሆነ። አብዛኛው ሕዝብ ወደዚያ ጎረፈ።

ሰላም ወረደ። አንዳንዶች ጨዋታው ያኔ ሞተ ይላሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ከታራጁ ጎን ቆሞ ስለ ነፃነት ማልቀስ ቀላል ነው። የሚቆጨው ሌላ ነገር ነው። ሕዝቡ ራሱን የሚያስተዳድርበት መሣሪያ ማለትም ዳኝነት፣ ዋስትና፣ ካሣ፣ የጋራ ዘብ በሙከራው ዘመን አልተሰጠውም። ስለዚህ ምርጫው ከሥርዓት አልበኝነትና ከላይ ከሚወርድ ክልከላ አንዱ ብቻ ሆኖ ቀረበለት። ሦስተኛው መንገድ ሊፈተሽ ይችል የነበረው ምንም ነገር ገና ባልተሸጠበት በዚያ የቤታ ወቅት ነበር።

ፈታኙ ማን ነው?

በመጨረሻ ስለ ፈታኞቹ። ለመደበኛ ፈታኝ ደመወዝ ይከፈላል፤ የቤታው ፈታኝ ግን 5 ዶላር ከፍሎ ገባ። ጨዋታው ከተከፈተ በኋላም አዲስ ገቢዎችን የሚረዱት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በ2000 ከእነርሱ አንዳንዶቹ «የሠራነው ሥራ ነው፣ ደመወዝ ይገባናል» ብለው በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። የኤ.ኦ.ኤል. በጎ ፈቃደኞች ከአንድ ዓመት ቀደም ብለው የጀመሩት ተመሳሳይ ክስ በ2010 በ15 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አበቃ። ከዚያ ወዲህ ያልተጠናቀቀ ጨዋታ መሸጥ መደበኛ ንግድ ሆኗል። «ስቲም» የተባለው መደብር በ2013 ይህንኑ ራሱን የቻለ ክፍል አድርጎ ከፈተለት። «ስታር ሲቲዝን» የተባለው ጨዋታ ደግሞ በ2012 ገንዘብ መሰብሰብ ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ በሙከራ ደረጃ ቆይቷል። «ገና ሙከራ ላይ ነው» የሚለው ቃል በፊት ለተጫዋቹ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ አሁን ለሻጩ ጋሻ ሆኗል።

አልቲማ ኦንላይን ትልቅ ሥራ ነው፤ ሰርቨሮቹ ዛሬም አልጠፉም። ድፍረቱ ከብዙ ተከታዮቹ ይበልጣል፤ ስህተቶቹም መተቸት የሚገባቸው ከዚያ ድፍረት የተወለዱ በመሆናቸው ነው። አንድን ሙከራ በእውነት ሙከራ የሚያሰኙት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የተገኘው ነገር ንድፉን መለወጥ መቻሉና ያገኘው ሰው በማግኘቱ አለመቀጣቱ። በመጀመሪያው በኩል ቤታው ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ የማይሠራውን ሰርዟል፣ የጎደለውን ግን አልሞላም። በሁለተኛው በኩል ወድቋል።

ልጆቻችን የሚቀጥለው ዝግ ቤታ ግብዣ ሲደርሳቸው «አጥፋው» ከማለታችን በፊት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አብረናቸው ብንጠይቅ፣ ምናልባት ለሌላውም «ሙከራ ላይ ነን» ባይ የሚሆን ጥያቄ አስተምረናቸው ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።