የኮካ ጠርሙስ ሸንተረሮች

ብዙ ጊዜ ተመላልሶ የተሞላ የኮካ ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩ። ሆዱና ግርጌው ላይ ነጣ ያለ፣ የተፋቀ ቀለበት ታገኛላችሁ፤ በፋብሪካው መስመር ላይ ጠርሙሶች ሲገፋፉ የሚነካኩት እዚያ ነው። እጃችን የሚይዘው ጠባቡ ወገብ ግን ይህን ያህል አይጎዳም። ሸንተረሮቹ ከአንገቱ ሥር ይነሡና ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ስሙ የተጻፈበት ለስላሳው ሆድ ላይ ሲደርሱ ቦታ ይለቃሉ፤ ከዚያ በታች እንደገና ይቀጥላሉ። መዳፍ ውስጥ ቆርቆር የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ጠርሙሱ በረዶ ውኃ ውስጥ ቆይቶ ሲወጣም ከእጅ አያመልጥም።

እ.ኤ.አ. በ1915 አሜሪካ ውስጥ ኮካ ኮላን የሚያሽጉ ነጋዴዎች አስመሳይ በዝቶባቸው ነበር። ጠርሙሳቸው እንደማንኛውም ጠርሙስ ቀጥ ያለ፣ የተለጠፈበት ወረቀትም በረዶ ውኃ ውስጥ የሚላጥ ነበር። ስለዚህ በጨለማ ሲዳሰስ የሚለይ፣ ተሰብሮ መሬት ላይ ቢገኝ እንኳ የሚታወቅ ጠርሙስ እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ኢንዲያና ውስጥ፣ ቴሬ ሆት ከተማ፣ የሩት መስተዋት ፋብሪካ ባልደረባ የነበረው ኧርል ዲን ኢንሳይክሎፔዲያ ውስጥ ያገኘውን የካካዎ ፍሬ ሥዕል መነሻ አደረገ። ኮካ ኮላ ውስጥ ካካዎ የለም! የፍሬው ሸንተረርና ሆድ ግን ለመስተዋት የተፈጠሩ ይመስሉ ነበር። የመጀመሪያው ናሙና ሆዱ ከመጠን በላይ ሰፍቶ ማሽኑ ላይ አልቆም ስላለ አቀጠኑት። ለእኔ ትልቁ ሙያ ይህ ማቅጠን ነው፤ ሐሳቡን ማንም ከመጽሐፍ ሊያገኘው ይችላል፣ ውበቱን ሳያጠፉ ለማሽን እንዲመች አድርጎ መከርከም ግን የባለሙያ ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ የዲዛይኑ ፓተንት በፋብሪካው ኃላፊ በአሌክሳንደር ሳሙኤልሰን ስም ተሰጠ። ሥዕሉ ላይ የኮካ ኮላ ስም አልሰፈረም፤ ቅርጹ ብቻውን ቀረበ። ነገር ግን የፓተንት ዕድሜ የተወሰነ ነው። በ1923 እና በ1937 በተሻሻሉ ዲዛይኖች አዳዲስ ፓተንት ቢወጣም የመጨረሻው በ1951 አበቃ። በ1960 ቅርጹ ራሱ በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆኖ ተመዘገበ። የንግድ ምልክት ሥራ ላይ እስካለና እስከታደሰ ድረስ አይሞትም።

በእኛም አገር የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የዕቃን ወይም የማሸጊያውን ቅርጽ ምልክት ሊሆን ከሚችለው ውስጥ ይቆጥረዋል። ይህ ማለት ያማረ ሁሉ ይመዘገባል ማለት አይደለም። ብርሌን ውሰዱ፤ አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ድብልብል፣ ሲያዩት ደስ የሚል ነው። ቢሆንም ብርሌ ስናይ የሚታወሰን ጠጅ እንጂ አንድ ጠጅ ቤት ስላልሆነ፣ ማንም «የእኔ ነው» ብሎ ሊያስመዘግበው አይችልም።

ኮካ ኮላም ሁሌ አልቀናውም። እ.ኤ.አ. በ1986 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ጠርሙስ መያዣ ነው እንጂ ምልክት አይደለም ብሎ የምዝገባ ጥያቄውን መለሰው፤ እዚያ በሩን የከፈተው በ1994 የወጣው የንግድ ምልክት ሕግ ነው። ኩባንያው ከዓመታት በኋላ ሸንተረሮቹን አውጥቶ ለስላሳውን ቅርጽ ብቻ በአውሮፓ ኅብረት ለማስመዝገብ ሞከረ። በ2016 የኅብረቱ ፍርድ ቤት ይህ ቅርጽ ከሌሎች ጠርሙሶች የሚለየው ነገር የለውም ብሎ ውድቅ አደረገው። ወገቡም ሆዱም እንዳሉ ነበሩ፤ የጎደሉት ሸንተረሮቹ ናቸው።