ደጅ የሚያስጠና ውበት

ዶናልድ ክኑዝ ቴክ የተባለውን የገጽ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ የገዛ መጽሐፉ የሕትመት ናሙና አላምር ብሎት። መነሻው የደራሲ ቁጭት ነበር። ዛሬ ግን መሣሪያው ደራሲን ደጅ ያስጠናል።

ቴክ ላይቭ ሙሉው በርካታ ጊጋባይት ነው። ኢንተርኔት በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ሚክቴክ መላ አለው፤ ትንሹን ጭኖ የጎደለውን ሲያስፈልግ ያወርዳል። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሥራውም ይቆማል።

ተጭኖም አያልቅም። ዚቴክ ዩኒኮድን ያነባል፣ ግዕዝን ጨምሮ። ነገር ግን አብሮት የሚመጣው መደበኛ ፎንት ፊደላችንን ስለማያውቅ፣ «ሰላም» ብሎ የጻፈ ሰው ቃሉን ገጹ ላይ አያገኘውም። ማስጠንቀቂያው የሚጻፈው ተራ ተጠቃሚ ከፍቶ በማያየው የሎግ ፋይል ውስጥ ነው።

እኛ የሶፍትዌር ሰዎች «መመሪያውን አንብብ» ማለት ይቀናናል። እኔ ግን መጫኛው ራሱ የሥራው አካል ነው እላለሁ። ለልቦለድ ጸሐፊ በፍላሽ የሚዞር አንድ ፋይል ይበቃዋል፦ የግዕዝ ፎንት የገባበት፣ የመጽሐፍ ቅርጹ የተዘጋጀለት፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ። ይሄ ከባድ ምሕንድስና አይደለም፤ ማን ይጠቀምበታል ብሎ አስቀድሞ ማሰብ ነው። ደራሲው በሩን ማለፍ ካልቻለ፣ ያ ሁሉ ውበት ለማን ነው?